የጣሳ ገበሬ

እንጀራዬ ንባብ፣ መጽሐፍ ግን አይደለም፤
ከውሃ ቆጣሪ በቀር ሌላ ፊደል የለም።
ሞጣ ላይ በር በሩን ስዞር እውላለሁ፣
ክዳኑን ገልጬ፣ አጎንብሼ አያለሁ፤
ማን ስንት እንደጠጣ፣ ማን ስንት እንዳፈሰሰ
እጽፋለሁ፣ ደብተሬ በጭቃ እየራሰ።

እንዲህ ያለ ሰው ነኝ።
አንድ ቀን ቅዳሜ፣ ደሞዝ በወጣ ማግስት፣
ጀራንየም ገዛሁኝ፣ ቅጠሎቿ ሦስት፤
በዘይት ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ተከልኩ፣
ከመስኮቴ ደፍ ላይ እንደ ሹም አስቀመጥኩ።

እትዬ የዝና፣ ያከራዩኝ ሴትዮ፣
ከጓሮ ብቅ ብለው፣ «ምንድነው ይሄ? ወዮ!
ጎጃም መሬት ጠቦ፣ አፈር ተወዶ ነው
አበባን በጣሳ የምታሳስረው?»

ዝም አልኩ።
አባቴ ገበሬ፣ አያቴም ገበሬ፤
ለኔ የደረሰኝ ሦስት ሊትር ነው ድንበሬ።

ጠዋት አጠጣለሁ፣ ማታም አጠጣለሁ፣
ሌሊት ስነቃ ደግሞ «ጠምቷት ይሆን?» እላለሁ፤
በባትሪ ብርሃን ኩባያ ሰጥቼ
እተኛለሁ ኋላ፣ የጸደቅኩ መስሎኝ፣ ኮርቼ።

በሳምንቱ ቢጫ።
ሥራ ላይ ስዞር ግን ምክር አልቸገረኝ፤
አንዱ «የእንቁላል ቅርፊት»፣ ሌላው «አመድ» አለኝ፤
የፋርማሲው ምንይችል «አስፕሪን ሞክርባት»፤
የቄስ ውበቴ ሚስት «ስም አውጣና ጥራት፣
ስም የሌለው ነገር መቼ ይጸናል?» አሉኝ።
ማታ በሬን ዘጋሁ፣ ሰው ሰምቶ እንዳይስቅብኝ፣
«ስንታየሁ» አልኳት።
ቅጠል ጣለች።

በወሩ ግንዷን ብነካው
እንደ በሰበሰ ድንች እጄ ላይ ቀረ።
ከጓሮ አመዱ ላይ ጣልኳት፣ ፊቴን አዙሬ፤
አላለቀስኩም መቼም፤ አፍሬ እንጂ፣ አፍሬ።

ሁለተኛዋ ደግሞ ጽጌረዳ ነበረች፤
ፀሐይ ታግኝ ብዬ ደጅ አወጣኋት፣ ወጣች፤
የእትዬ የዝና በግ ቀድሞኝ ጎበኛት፣
እሾኋን ብቻ ትቶ፣ ሌላውን ሁሉ በላት።
ሦስተኛው ካክተስ ነው፤ ሻጩ «አይሞትም» ብሎኝ፣
በሐምሌ ሻገተ፣ ዝም ብሎ ታዝቦኝ።
አራተኛውን አልናገርም።

ወረዳችን ስሙ በ«ሁለት እጁ» ይጀምራል፤
የኔን ሁለቱን እጅ ያየ ምን ይናገራል?

መስከረም ሲጠባ አባቴ ለገበያ
ብቅ አለ፣ ጌሾውን ጭኖ በአህያ፤
ጣሳዎቼን አየ፣ መስኮቱ ላይ፣ በተርታ፣
ሦስት ባዶ፣ አንድ አረም። አልሳቀም። ለአፍታ
ቆየና አንዷን ገለበጣት። ቂጧን መታ መታ፣
አሸተተ፣ ደግሞ ዳሰሰ በዝግታ፤
«ምስማር አለህ?» አለኝ።
ሰጠሁት። በድንጋይ
ሦስት ዓይን አወጣላት፣ ብርሃን እስኪታይ።
«አንተ ልጅ፣» አለና ምስማሩን ሲመልስ፣
«የገባውን ውሃ ታነባለህ፤ ደግ። የሚወጣውንስ?»

ሌላ አልተናገረም። ሄደ፤ አህያው ቀደመው።

ማታ ጥራጊዬን ልደፋ ብል ጓሮ፣
ከገል፣ ከአመድ መሃል፣ ከሽንኩርት ልጣጭ ኑሮ፣
ያቺን ጀራንየም፣ ሞተች ብዬ የጣልኳት፣
በአንድ ጉማጅ ግንዷ ሥር ሰዳ አገኘኋት።
ቀይ ናት። ቀይ!
ማንም ሳያጠጣት፣ ማንም ሳይጠይቃት፣
ዶሮ እየጫረባት ክረምቱ አሳደጋት።

ላነሳት ጎነበስኩ፣ ጣሳዋን ይዣለሁ፣
ባለ ሦስት ቀዳዳዋን። ደግሞ እጄን መለስኩ።

«አመድ ውስጥ ምን ጠፋህ?» አሉኝ እትዬ ከበር።
«ምንም» አልኩ። ደብተሬን ከኪሴ አወጣሁኝ፣
በሰው ሁሉ ስም መሃል አንድ መስመር ጻፍኩኝ፦
የቤት ቁጥር፦ ጓሮ። ደንበኛ፦ ስንታየሁ ጀራንየም።
የመስከረም ንባብ፦ አንድ አበባ። ዕዳ የለም።

በጉን ብቻ፣ እትዬ፣ ለዛሬ እንዳይፈቱት።